ለአባዬ ብዬ የጨመርኩት ቤዝ

አልበማችን በወጣ በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ሰው «ዘፋኟን ጉድጓድ ውስጥ አስገብታችሁ ነው እንዴ የቀዳችኋት?» ብሎ ጻፈልን። ሌላው ከሥሩ፣ መኪናው ውስጥ ሲከፍተው የኋላ መስታወቱ ሊረግፍ እንደነበር ነገረን። ሦስተኛዋ ስለ ሙዚቃው አንድም ነገር አላለችም፤ በሁዳዴ የጭፈራ ዘፈን የምታወጡ ሰዎች እናት አባት የላችሁም ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። ድሮ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ኮመንት የሚባል ነገር መጥቶ ባዳነቱ ቀረ፤ የሚባልብሽን ሁሉ አልጋሽ ላይ ተቀምጠሽ ታነቢያለሽ።

እኔ ደግሞ ተናዳጅ ነኝ። ስልኩን ወረወርኩት፤ ትንሽ ቆየሁና ፈልጌ አንስቼ እንደገና አነበብኩት። ያናደደኝ ሰዎቹ መሳሳታቸው አልነበረም። ልክ ነበሩ። ቤዙ፣ ያ ወፍራም የታች ድምፅ፣ በዝቷል። ያበዛሁት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ፤ ሳላውቅ አይደለም፣ አውቄ፣ ለአንድ ሰው ብዬ። ያ ሰው አባቴ ነው። እሱ ደግሞ አልበሙን ገና ከዳር እስከ ዳር አልሰማውም ነበር።

ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። ዘፋኟ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ አቃቂ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ቤዝ ጊታር የሚመታው የሳሪስ ሰው ነው፤ በቀን ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ከተናገረ አሞት ነው። ኪቦርዱ፣ ቅንብሩና ሚክሱ የኔ ነው። ሰው እንዲጨፍርበት ነው የምንሠራው፤ ሌላ ፍልስፍና የለንም። ሰርግ ላይ መጀመሪያ ሚዜዎቹ፣ ቀጥሎ አክስቶቹ፣ በመጨረሻ እግሬን ያመኛል ያሉት ሽማግሌ ከተነሱ ሥራችንን ሠራን ማለት ነው።

ስቱዲዮ የምንላት ሳሪስ ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ግድግዳዋን በአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ሸፍነናታል። ጎሚስታው ጎማ ሊነፋ ኮምፕሬሰሩን ሲያስነሳ ቀረጻ እናቆማለን፣ ሲያጠፋ እንቀጥላለን። ስድስትና ሰባት ጎማ የፈጀ ዘፈን አለን። እንዲህ እንዲህ እያልን ዘጠኝ ዘፈን በስምንት ወር ቀዳን። ዘፋኟ ጉሮሮዋ ታሞ ሁሉ መጥታ ዘፍናለች። በሕይወቴ ከሰው ጋር የኖርኩት ያን ስምንት ወር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከዚያ ስወጣ የምገባው ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጎረቤቴን በበሩ ድምፅ እንጂ በፊቱ የማላውቅበት ቤት ነው።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽመና ክፍል መካኒክ ሆኖ ነው። የሽመና ክፍል ሰው በማሽኑ ጩኸት ይደነቁራል። ይህ ሰፈራችን ውስጥ ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ ሰፈር ሲጯጯሁ የሰማችኋቸው ሁለት ሽማግሌዎች የተጣሉ እንዳይመስሏችሁ፤ ጡረተኛ ለጡረተኛ እንደምን አደርክ እየተባባሉ ነው። ቤተሰብም ከነሱ ጋር መጮህ ይለምዳል።

እናቴ በሕይወት ሳለች የአባቴ ጆሮ ማንንም አላስጨነቀም። ለሱ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ የምትመልሰው እሷ ነበረች። ሻይ ይጠጣ እንደሆነ፣ ለዕድር ስብሰባ ይወጣ እንደሆነ፣ ወገቡ እንዴት እንዳደረ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ከሞተች በኋላ ነው ነገሩ የለየለት። በሩ ላይ ቆሜ «አባዬ» ስል ጀርባውን እንደሰጠኝ መስኮቱን ያያል። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ስደውልለት «እሺ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ይዘጋል፤ ምን ብዬው እሺ እንዳለኝ እንጃ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እጁን አወናጨፈ። በቃ፣ አባዬም ደነቆረ አልን።

እኔም እንደ ሰፈሩ ልጅ ትከሻውን ነካ አድርጌ ጆሮው ሥር እጮህ ጀመር። አራት ዓመት ጮህኩ። ጩኸት ደግሞ ወሬ አይሆንም። ጮኾ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ይባላል እንጂ ጮኾ «ብቻዬን መኖር ከበደኝ» አይባልም። እሁድ እሁድ ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ፣ ያመጣሁትን ምግብ አሞቃለሁ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ እጮሃለሁ፣ ድምፅ የሌለውን ቴሌቪዥን አብረን እናያለን፣ ከዚያ ተሳፍሬ እመለሳለሁ። ስመለስ ሁልጊዜ ጉሮሮዬን ያመኝ ነበር።

ይህ ሰው ስለ ሙዚቃዬ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ክፉም ደግም። የመጀመሪያውን ኪቦርድ ገዝቼ ቤት ስገባ እናቴ እልል አለች፤ እሱ ሶኬቱን በካቻቪቴ ፈታ፣ ውስጡን አየ፣ አጥብቆ መለሰው፣ ሄደ። ምን ነበረበት እስቲ አንድ ነገር ቢል? ጆሮ እንዳልነበረው አይደለም። ያ ሁሉ ማሽን በሚንጓጓበት አዳራሽ መሃል ቆሞ፣ የታመመውን ማሽን በድምፁ ብቻ ለይቶ ቀጥ ብሎ ወደሱ ይሄድ እንደነበር እናቴ ስንቴ ነግራኛለች። እንደዚያ ያለ ጆሮ አንድ ቀን እንኳን ሳይፈርድልኝ ደነቆረ እያልኩ እቆጭ ነበር። አልበሙን ሰምቶ «ደህና ነው» ቢለኝ፣ የቀረው ሕዝብ ተሰልፎ ቢሰድበኝ ግድ አልነበረኝም። የፈለግኩት ያቺን አንድ ቃል ነው።

ቀረጻው ያለቀ ሰሞን አንድ እሁድ ኮምፒውተሬንና ትልቁን ስፒከር ታክሲ ላይ ጭኜ አባዬ ቤት ወሰድኩ። ረዳቱ ለስፒከሩ የሰው ሒሳብ ሲጠይቀኝ ተሰዳድበናል። ስፒከሩን ከጠረጴዛው አጠገብ ተከልኩና አንዱን ዘፈን ለቀቅኩት። ኪቦርዱ ገባ፤ አባቴ መስኮቱን ያያል። ዘፋኟ ጀመረች፤ መስኮቱን ያያል። ቤዙ ሲገባ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፣ አባቴም ዘወር ብሎ እጁን ዘረጋና ብርጭቆውን ያዘው። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልለቀቀውም።

እንባዬ መጣ። በጆሮው ያልገባው በእጁ ገባ አልኩ። ቤዝ እኮ ጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ በደረት፣ በአጥንት፣ በጣት ይገባል። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። አባቴ ይህን አልበም በእጁ ይሰማዋል።

ዕቅዳችን ለጥር ማድረስ ነበር። የጭፈራ አልበም ለጥምቀት ማግስት ሰርግ ካልደረሰ ለመቼ ሊደርስ ነው? እኔ ግን ፋይሉን ይዤ ኮዬ ፈጬ ተዘጋሁ። በሳምንቱ ውስጥ የአንዱን ዘፈን ቤዝ ከፍ አደርጋለሁ፣ እሁድ ስፒከሩን ተሸክሜ አባዬ ቤት እሄዳለሁ፣ እጁን አያለሁ። ብርጭቆውን ከያዘ ያ ዘፈን አለፈ። ካልያዘ እዚያው ጨምሬ እደግመዋለሁ። ዘጠኝ ዘፈን፣ ዘጠኝ እሁድ። ጓደኞቼን «ትንሽ ይቀረዋል» እያልኩ ሸወድኳቸው። ጥር አለፈ፤ ሙሽሮቹ ሁሉ በሌላ ሰው ዘፈን ተዳሩ። ዘፋኟ ሁለት ጊዜ ደውላ ለመነችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ነገ አልኳት። የመጨረሻውን ሚክስ እንስማው እንኳን አላሉኝም። አመኑኝ።

ዘጠነኛው እሁድ የቅበላ እሁድ ነበር። ከአባዬ ጋር ሥጋ በላን፣ ዘጠነኛውን ዘፈን አጫወትኩለት፣ ብርጭቆውን ያዘ። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት አልበሙን ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ሁዳዴ የገባ ቀን። ፋሲካን እንጠብቅ ብል ጓደኞቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የኔ ሐሳብ አባቴ እጅ ላይ ስለነበር የቀን መቁጠሪያ አላየሁም። ኦርቶዶክስ ቤት ተወልዳ፣ ቅበላ በልታ፣ በማግስቱ የጭፈራ አልበም የምታወጣ ሰው ከኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም።

በሚቀጥለው እሁድ አባዬ ጆሮ ሥር «አልበሙ ወጣ! ሙሉውን እናዳምጥ!» ብዬ ጮህኩ። ስፒከሩን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ፣ ጣቱን አነሳ።

«ፋሲካ ይድረስ» አለ።

ክርክር የለም። የሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ያ ዓመት ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው የገቡበት ነበርና ሰፈሩ በሁለት በኩል ጸጥ አለ። ታክሲው መዝሙር፣ ፀጉር ቤቱ መዝሙር። አባዬ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ስልጤ ዘፈን ወዳጅ ነው፤ እሱም በትሕትና ከዒድ በኋላ አለኝ። ከዒድ በኋላ እውነትም አንዱን ዘፈን ከፈተልኝ። የከረሜላው ብልቃጥ ከመደርደሪያው ሊወርድ ሲል ዘሎ ያዘውና አጠፋው። «እህቴ፣ ጥሩ ነው፤ ዕቃዬን ግን ሊያወርደው ነው» አለኝ። አባቴ የሱቁ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ነበር። ባለሱቁ ወደሱ ጎንበስ ብሎ በቀስታ አንድ ነገር ሲለው አባቴ ሳቀ። ከእናቴ ሞት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከንፈር ያነባል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። የሽመና ክፍል ሰው ከንፈር ማንበብ አያቅተውም።

ዘፋኟ የደወለችው ኮመንቶቹ የበዙ ሰሞን ነው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ድምፄን ቀበርሽው» አለችኝ። «ስምንት ወር የዘፈንኩትን ቀበርሽው። ለምን?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ደንቆሮ አባቴ በእጁ እንዲሰማኝ ብዬ ነው ይባላል? አፈርኩ። እንደዚያ ስለጣፈጠኝ ነው አልኳት። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ጣልሽ ብላኝ ዘጋች። ቤዝ ጊታሪስታው በጽሑፍ አንዲት መስመር ላከልኝ፤ እሱም ሰው ቤዙን ሲሰማለት የመጀመሪያው እንደሆነ፣ ግን አዎ፣ እንደበዛ። ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለም። ዘፋኟ ከሌላ ባንድ ጋር መለማመድ መጀመሯን የሰማሁት ከሰው ነው።

ያን ጾም እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ በታች የአውቶቡሱን ሰልፍ ከመስኮት አያለሁ። ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው። ብሎኩ ባዶ ሲሆን የውኃ ሮቶ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ኪቦርዱን ከፍቼ አንድ ቁልፍ ነክቼ እዘጋዋለሁ። አዲስ ኮመንትም መምጣት አቆመ፤ ስድቡ እንኳን ናፈቀኝ። አንድ ቀን ያን ዘፋኟን ጉድጓድ ውስጥ አስገባችኋት ያለንን ሰው አመስግኜ ልመልስለት ሁሉ ጀምሬ ሰረዝኩት። የቀረችኝ ፋሲካ ነበረች። አባዬ ይሰማዋል፣ ደህና ነው ይለኛል፣ ያኔ የጠፋው ሁሉ ለምክንያት ጠፋ እላለሁ። ይህን ለራሴ በቀን ስንቴ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮውን በምሳ ዕቃ ቋጥሬ፣ ስፒከሩን ታቅፌ ሄድኩ። በላን። ከምሳ በኋላ ስፒከሩን እንደ ወትሮው ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጥኩት። አባቴ ይህን አይቶ ተነሳ፣ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አንስቶ ብፌው ውስጥ አስገባው፣ በሩንም ዘጋበት። ተመልሶ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

በምን ሊሰማው ነው? ጆሮውን አውልቆ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ያህል ነው የተሰማኝ። ለማቆም ግን ድፍረቱም አልነበረኝም፤ ለቀቅኩት። ዘጠኙንም ዘፈን እጁን ሳያነሳ፣ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ ጨረሰ። እኔ እጁን ሳይ ነው የቆየሁት። አንዴም አልተንቀሳቀሰ። የመጨረሻው ሲያልቅ ገመዱን ለመንቀል ተነሳሁ።

«ታችኛው ድምፅ በዛ» አለ አባቴ። «ልጅቷን ሸፈናት። እሷ እኮ ነች የምትዘፍነው።»

ዘወር አልኩ። ጆሮው ሥር ሄጄ «ትሰማለህ እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

«አትጩሂ» አለ። «ግራው ትንሽ ቀንሷል። ቀኙ ደህና ነው።»

የሽመና ክፍል ሰው አይደለህም ወይ አልኩት፣ አሁንም እየጮህኩ፤ ልማድ ነው። ሳቅ አለና፣ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ለጆሮው የሚወትፈው ጥጥ የሚያጣ ሰው ካለ እሱ በእውነትም ይደንቁር አለኝ። በየቀኑ፣ ከመግቢያ እስከ መውጫ ወትፎ ነው የኖረው። ሌሎቹ ይስቁበት ነበር። ስለ ብርጭቆው ጠየቅኩት። የእናትሽ ናት አለ፤ በየእሁዱ ስፒከርሽን እዚያው እያመጣሽ ልትጥያት ስትይ እይዛታለሁ።

ዘጠኝ እሁድ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዘፋኟ በሐሳቤ መጣች፣ ጉሮሮዋን በሻሽ ጠቅልላ ያቺ ክፍል ውስጥ ቆማ። ታዲያ በሩ ላይ ቆሜ ስጠራህ ለምን ዝም ትላለህ አልኩት።

«እናትሽ ነበረች የምትመልስልኝ» አለ። «ከሷ በኋላ መመለስ ደከመኝ። ደነቆረ ስትሉ ሰማሁ፤ ተውኩት። ደንቆሮ ሰው ብዙ አይጠየቅም።»

ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን ጠየቅኩት። ቤዙ እንደበዛ ካወቅህ ዘጠኝ እሁድ ሙሉ ለምን አልነገርከኝም? ስለ ሙዚቃዬስ አንድ ቀን እንኳን ለምን አንድ ቃል አላልክም? አባቴ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለውም። ፋብሪካ ውስጥ እጁን ማሽን ውስጥ ያስገባ ሰው አይጠራም፤ ዘወር ካለ ጣቱ ይቀራል። ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ እንዴት ነው ብሎ እስኪጠይቅ ይጠበቃል። «አንቺ ደግሞ ሁሌ እጅሽ ውስጥ ነው» አለኝ። «አንድ ቀን እንዴት ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እውነቱን ነው። አጫውቼለት እጁን አይቻለሁ፣ ፊቱን አይቻለሁ፣ ዓይኑን እስከ መስኮቱ ተከትያለሁ። እንዴት ነው አባዬ ብዬ ግን አልጠየቅኩትም። ደንቆሮን ማን ይጠይቃል?

ለአንተ ብዬ ነው ልለው ፈለግኩ። አልበሙን ያበላሸሁት፣ ጓደኛዬን ያጣሁት፣ ጥርን ያሳለፍኩት ለአንተ ብዬ ነው። ለአባቴ የሚሆን ግን ከጩኸት ሌላ ድምፅ አልነበረኝም፤ ይህ ደግሞ ጮኾ የሚባል ነገር አይደለም። ተነስቼ ጀርባዬን ሰጠሁትና የስፒከሩን ገመድ ክርኔ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ። ጠቅልዬ ስጨርስ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞርኩ፣ ለራሴ እንኳን በቅጡ በማይሰማ ድምፅ አልኩት።

«አባዬ፣ እንድትሰማኝ ብዬ ነው ያበዛሁት።»

ከኋላዬ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሰማሁ» አለ። «አሁን ቀንሺውና ለልጅቷ ውሰጂላት።»